የሰርክ ጠመንጃ

ማኑሄ በየጥቅምቱ ከጫካ ይዞት የሚመጣውን ሥጋ የሚቀምስለት ሀበሻ አልነበረም። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ሲጠጣ፣ ለወዳጁ ለወንድይራድ በፌስታል ጠቅልሎ አመጣለት። ወንድይራድ ከካርቱም ጀምሮ አብሮት የተሰደደ ሰው ነው፤ የማይቀልድበት ነገር የለም።

«ምንድነው ይሄ?»

«የኤልይ ሥጋ ነው። ራሴ የመታሁት።»

ኤልይ ስዊድኖች የሚያድኑት፣ ቁመቱ ከበሬ የሚበልጥ የጫካ እንስሳ ነው። ወንድይራድ ፌስታሉን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው።

«አንተ ሰውዬ፣ በስተርጅና አውሬ ልታበላኝ ነው?»

«አውሬ አይደለም። ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፤ ያመሰኳል። ከበሬ በምን ይለያል?»

«ማን ባርኮ አረደው ታዲያ? ጥይቱ?»

በዙሪያቸው የነበሩት ሳቁ። ማኑሄም አብሯቸው ሳቀ። ፌስታሉን ይዞ ከስቶክሆልም ዳር ሃሉንዳ ወዳለው ቤቱ ተመለሰ፤ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስም ሥጋውን ብቻውን በላው።

ማኑሄ ስዊድን የገባው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። አዲስ አበባ ሳለ ጎተራ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ በሚሉት የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ይሠራ ነበር። እዚህ መጀመሪያ ባቡር ጠረገ። በኋላ ስቶክሆልም መሃል ሶደርማልም ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ጠመንጃ የሚጠግን ጉናር የሚባል ሰው የቶርኖ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰማና ሄደ። ጉናር እጁን አይቶ ቀጠረው። ሁለቱም ዝምተኞች ናቸው። ጠዋት ሰላም ከተባባሉ ማታ እስኪሰነባበቱ ድረስ ቃል ሳይለዋወጡ የሚውሉበት ቀን ብዙ ነበር።

ጉናር ከከተማው በስተደቡብ፣ የቤተሰቡ በሆነ ጫካ ውስጥ፣ የአደን ቡድን ይመራል። አብረው ጥቂት ዓመት ከሠሩ በኋላ «አንተም ለምን አትመጣም?» አለው። ማኑሄ የአዳኝነት ፈተናውን ወሰደ፣ ፈቃድ አወጣ፣ ጠመንጃ ገዛ። በመጀመሪያው ቀን አንድ የእንጨት ማማ ላይ ብቻውን አስቀምጠውት ሄዱ። ሥራው መቀመጥ ነው፤ የውሾቹ ጩኸት ከሩቅ እስኪሰማ ድረስ ዝም ብሎ መጠበቅ። ቤት ውስጥ ዝም ሲል ሰው የሌለው ሰው ነበር። ማማው ላይ ግን ዝም ማለቱ ራሱ ሥራ ሆነለት። በዚህ ምክንያት ጫካውን ወደደው፤ አሥራ ምናምን ዓመትም አንድም ጥቅምት አላመለጠውም።

ከባለቤቱ ከሰርክ ጋር ያገናኘችው እህቱ ናት፣ በስልክ። ሰርክ ፒያሳ አንድ ልብስ ስፌት ቤት የምትሠራ፣ በዕድሜ ከሱ ብዙ የምታንስ፣ ቀጠን ያለች ሴት ነበረች። አንድ ዓመት ያህል በስልክ ተጫወቱ፤ ከዚያ ሄዶ አገባት። ስቶክሆልም የመጣችው በ2003 የጸደይ ወራት ላይ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ስትመጣም በስልኩ ጊዜ እንደለመደችው «እርስዎ» ትለዋለች። እሱም «አንተ በይኝ» ለማለት አፈረ።

ጠዋት ጠዋት ቋንቋ ትማራለች። ከሰዓት በኋላ ቤት ነው። ሊፍት ውስጥ ጎረቤት ሲያጋጥማት ጎረቤቱ ጫማውን እያየ ይወርዳል። ገበያ ማእከሉ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰው ሲገባ ሲወጣ እያየች ትቆይና፣ የሚያያት እንደሌለ ስታውቅ ተነሥታ ትሄዳለች። ማኑሄ ማታ ከሥራ ሲመለስ እራቱ ቀርቦ ይጠብቀዋል። «እንዴት ዋልሽ?» «ደህና። እርስዎስ?» «ደህና።» ከዚያ ሁለቱም ቴሌቪዥኑን ያያሉ።

ጥቅምት ሲደርስ ማኑሄ ቦት ጫማውን አውጥቶ ቅባት ይቀባ ጀመር።

«ቅዳሜ ጫካ ልሄድ ነው» አላት።

«እኔስ?»

«አንቺማ... ጫካው ብርድ ነው። ቤት ብትሆኚ ይሻልሻል።»

ሰርክ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። «ቤትማ ሁልጊዜ አለሁበት» አለች። «ይዘውኝ ይሂዱ።»

ይዟት ሄደ። ጉናር ካያት በኋላ ትከሻውን ሰበቀና «ጠመንጃ ካልያዘች አጠገብህ ትቀመጥ» አለ። ማማው ለአንድ ሰው የተሠራ ስለነበር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀመጡ። አንድ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣሉ። ከዚያ ሰርክ በሹክሹክታ ማውራት ጀመረች። በሹክሹክታ ስለሆነ ይሁን፣ ወይም ፊት ለፊት ስላልተያዩ፣ ቤት ውስጥ ለወራት ያልወጣው ወሬ ሁሉ ወጣ። ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ስለነበሩት ሴቶች፣ ስለ እናቷ ቁጣ፣ አንድ ጊዜ ሊያገባት አስቦ ስለቀረ ሰው። ማኑሄም አወራ። በሱዳን በኩል ስለወጣበት ጊዜ ለማንም ያልተናገረውን ነገራት።

ከሰዓት በኋላ አባቷ የሞቱበትን ቀን እየነገረችው ሳለ፣ ከፊታቸው ካለው ገላጣ ሜዳ ዳር አንድ ትልቅ ወንድ ኤልይ ብቅ አለ። ቆመ። ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። ማኑሄ እንዲህ ያለ ዕድል ለዓመታት አላጋጠመውም። ሰርክ አላየችውም፤ እጆቿን እያየች ነው የምታወራው። ጠመንጃውን ቢያነሣ ንግግሯ ይቋረጣል። አላነሣም። እንስሳው ጥቂት ቆይቶ ወደ ዛፎቹ ገባ።

«እና አስከሬኑን ይዘን ስንገባ» አለች ሰርክ፣ «አንተ፣ ያን ቀን የነበረው ዝናብ...»

ማኑሄ «አንተ» መባሉን ሰማ። እሷ የሰማችው አልመሰለውም። ማታ ጉናር «ምንም አላየህም?» ሲለው «ምንም» አለ።

የዚያ ጥቅምት ቅዳሜ ሁሉ እንዲህ ነበር። በኋላ ሰዎች ስለ ትዳሩ ሲጠይቁት ማኑሄ የሚያስበው ሠርጉን አይደለም፤ እነዚያን ቅዳሜዎች ነው።

የአደኑ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ምድር ቤቱ ውስጥ ጉናርን «ለባለቤቴ ጠመንጃ ልሠራላት እፈልጋለሁ» አለው። አብራው ስትቀመጥ እንዲህ ከሆነ፣ እሷም አዳኝ ብትሆን ደግሞ ምን ያህል ደስ ይላል ብሎ ነበር ያሰበው። ከዚያ ያለፈ አላሰበም።

ጉናር መሳቢያ ከፍቶ የአንድ የድሮ የስዊድን ጦር ጠመንጃ ብረት አወጣ፤ አፈሙዙ ያለቀ፣ አካሉ ግን ደህና የሆነ። «በዚህ ጀምር» አለው። «ግን ልብ በል። ቀላል ጠመንጃ ለሚሸከመው ጥሩ ነው፤ ለሚተኩሰው ግን ክፉ ነው። በቀለለ ቁጥር ትከሻን ይመታል።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ፤ እሷ ግን አታውቅም።»

ማኑሄ ሥራ ሲያልቅ እየቆየ ይሠራ ጀመር። አሮጌውን አፈሙዝ ፈትቶ ቀጭንና አጠር ያለ አዲስ አፈሙዝ አስገባ። ከምላጩ ሥር ያለውን ከባድ ብረት ጥሎ በአሉሚኒየም ተካው። ለሰደፉ ደረቅና ቀላል እንጨት መረጠ፤ ከውጭ ካለሰለሰው በኋላ ከኋላ በኩል ውስጡን እየቦረቦረ አወጣው። ሰደፉ ለሷ ክንድ መስማማት ስለነበረበት፣ አንድ ማታ ወፍራም ጃኬቷን አስለብሶ ከክርኗ መታጠፊያ እስከ አመልካች ጣቷ ለካ።

ሰርክ ሳቀች። «ልብስ ሰፊዋ እኔ፤ የምትለካው አንተ! ካፖርት ልታሰፋልኝ ነው?»

«ዝም ብለሽ ቁሚ።»

«እጄ ብቻ ነው የሚለካው? ትከሻዬስ?»

«ትከሻሽን ዐውቀዋለሁ» አላት። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ ስለማያውቅ ሁለቱም አፈሩ።

እንጨቱን በተልባ ዘይት እየደጋገመ አሸው። የመሣሪያ ሕጉ ጥብቅ በመሆኑ ጠመንጃው የሷ የሚሆነው ፈተናውን አልፋ ፈቃድ ስታገኝ ነው፤ እስከዚያ በወርክሾፑ ስም ተመዘገበ። ሲያልቅ ምድር ቤቱ ድረስ ወስዶ አሳያት። በሁለት እጇ አነሣችው፤ ከባድ ነገር ለማንሣት ተዘጋጅታ ስለነበር እጆቿ ከሚገባው በላይ ወደ ላይ ዘለሉ።

«ባዶ ነው እንዴ?»

«ምንም አልጎደለበትም። ላንቺ ነው የሠራሁት።»

አገላብጣ አየችው። እንደ ስፌት ሥራ መገጣጠሚያውን በጥፍሯ ዳሰሰች፣ ጥፍሯ የሚገባበት ቦታ አላገኘችም። «ማኑዬ» አለች።

ተኩስ መለማመጃው ቦታ ላይ ግን የጉናር ቃል እውነት ሆነ። በመጀመሪያው ጥይት ሰርክ ወደ ኋላ ተንገዳገደች። በሁለተኛው ገና ምላጩን ሳትስብ ዓይኗን ጨፈነች። ማታ ሸሚዟን ስትገልጥ ትከሻዋ ጠቁሯል። «ይቅርብኝ ይሆን?» አለች። ማኑሄ በማግስቱ የሰደፉን ጫፍ ፈታ፤ ወራት የፈጀበትን ባዶ ጉድጓድ ቀልጦ በቀዘቀዘ እርሳስ በከፊል ሞላው፤ ጀርባው ላይ ወፍራም ጎማ ለጠፈበት፤ ለልምምድም የባሩዱ መጠን የተቀነሰ ጥይት ሞላላት። ጉናር ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ እያየው «ያወጣኸውን መለስከው» አለ። «ግማሹን ብቻ» አለ ማኑሄ።

ከዚያ በኋላ ሰርክ አልጨፈነችም። የመርፌ ቀዳዳ ስታይ የኖረ ዓይንና የማይንቀጠቀጥ እጅ ነበራት። ትንፋሿን ለቅቃ፣ ግማሽ ላይ ይዛ፣ ምላጩን ክር እንደምትስብ ቀስ አድርጋ ትስበዋለች። በጋውን ሁሉ ኢላማ ስትመታ ቆየች። የጽሑፍ ፈተናውን በስዊድንኛ መጀመሪያ ወደቀች፤ ሁለተኛ ተፈትና አለፈች። በአማርኛ ስማቸውን የማታውቃቸውን የወፍ ዓይነቶች በስዊድንኛ አንድ በአንድ ትጠራለች። ሄምሼንስት በሚሉት፣ አረጋውያንን ቤት ለቤት በመርዳት ሥራም ተቀጠረች። ፈቃዷ መስከረም ላይ መጣ።

በጥቅምቱ የመጀመሪያ ቀን ቡድኑ ጉናር እርሻ ቤት ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። ጉናር እንደ ልማዱ የእያንዳንዱን ቦታ ተናገረ።

«ማኑሄ፣ ረግረጉ ጋ ያለው ማማ። ሰርክ፣ ኮረብታው ላይ ያለው።»

ማኑሄ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። «አንድ ላይ አይደለንም?»

ጉናር ገረመው። «ሁለት ጠመንጃ በአንድ ማማ ላይ? ለምን?»

የሚያድን ሰው ሁሉ የየራሱ ቦታ እንዳለው ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ጠመንጃውን እየሠራ፣ እንጨቱን እያሸ፣ እሷን እያስተማረ ይህን አንድ ጊዜም አላሰበውም። ሰርክን አያት። እሷ ጠመንጃዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ኮረብታው በየት በኩል እንደሆነ ሌላ ሰው እየጠየቀች ነበር።

ያን ቀን ረግረጉ ጋ ያለው ማማ በረደው። ልብሱ ያው ነው፤ አየሩም ከቀድሞው አይብስም። ዝምታው ግን ሥራ መሆኑ ቀርቶ ቤቱ ውስጥ የነበረው ዝምታ ሆነ። አንዳንዴ የሚናገረው ነገር ትዝ ይለውና ወደ ጎን ዞር ይላል። አጠገቡ ያለው ሳንቃ ላይ ውርጭ ተኝቷል።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ውሾቹ ኮረብታው በኩል ጮኹ። ከዚያ አንድ ጥይት ተሰማ። አንድ ብቻ። ማኑሄ ብድግ አለ። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና የሰርክ ድምፅ በስዊድንኛ መጣ፤ «ወድቋል። እዚሁ ነው ያለው።» የተረጋጋ፣ እሱ የማያውቀው ድምፅ ነበር። ደንቡ የአደኑ ዙር እስኪያበቃ ማንም ከቦታው እንዳይወርድ ይከለክላል። ስለዚህ ተመልሶ ተቀመጠ።

ዙሩ አብቅቶ ኮረብታው ላይ ሲደርስ ሰዎች ከበዋታል። ተራ በተራ እጇን ይጨብጣሉ። ሰርክ ከእንስሳው ራስ አጠገብ ቆማለች፤ ፊቷ ገርጥቷል። አንዱ ሽማግሌ አዳኝ ማኑሄን ሲያየው «ስትደርስበት ተንበርክካ አማተበች፤ የሆነ ጸሎት አለችበት» አለው። ሁሉም በአክብሮት ነው ያወሩት። ማኑሄ ተራው ሲደርስ እንደ ሌሎቹ እጇን ጨበጠ። ማቀፍ ፈልጎ ነበር፤ ሰው በዛ።

ሲመለሱ መኪና ውስጥ ማሞቂያውን ከፈተላት።

«እንዴት ነበር?» አላት።

ሰርክ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ልነግርህ እፈልጋለሁ» አለች። «ግን አፌ ላይ አልመጣ አለኝ።»

«እሺ። ሲመጣ ትነግሪኛለሽ።»

አልነገረችውም። ሥጋውን ግን የዚያን ዓመት ብቻቸውን አልበሉትም። የጽጌ ጾም እስኪፈታ ፍሪዘር ውስጥ አቆይተው ቤተ ክርስቲያን ሲወስዱ፣ ወንድይራድ «ሰርክ በስመ አብ ካለችበትማ ሌላ ነገር ነው» ብሎ የመጀመሪያውን ቁራጭ አነሣ። ሴቶቹ እንዴት እንደመታችው ጠየቋት። ለነሱ ቀለል አድርጋ፣ እያሳቀች ነገረቻቸው። ማኑሄ ሻይ ይዞ ከኋላ ቆሞ ሰማ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ አደኑ ሊጀመር ሲል፣ ማኑሄ ጉናርን «ጠመንጃዬን ትቼ ከሰርክ ጋር ልቀመጥ?» አለው። ጉናር ሲሠራ የነበረውን አቁሞ ለአፍታ አየው። «ሰው ያንሰናል» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «እሷን ጠይቃት፤ እሷ ከተስማማች እሺ» አለው።

ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ጠየቃት። ሰርክ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቢላዋው ቆመ።

«ለምን? ጉልበትህን አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም። እንዲሁ... እንደ መጀመሪያው ዓመት እንድንጫወት ብዬ ነው።»

ቢላዋውን አስቀምጣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ማኑዬ፣ አይክፋህ» አለች። «ሳምንቱን ሙሉ ሰው ቤት ነኝ። ሽማግሌዎቹን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። አንድ ነገር በተናገርኩ ቁጥር ‹ምን? ድገሚው› ይሉኛል። ባቡር ላይ ስልኬን ሳነሣ ሰው ያየኛል። ማማው ላይ ድገሚው የሚለኝ የለም። የሚያየኝም የለም። አንተ አጠገቤ ከሆንክ ደግሞ አወራልሃለሁ፤ ካወራሁ የሚሰማኝ የራሴ ወሬ ነው።» «ይገባሃል?» አለችው።

«ይገባኛል» አላት።

ገብቶታል። ይህን የሚረዳ ሰው ቢኖር በስቶክሆልም ከሱ ሌላ የለም፤ አሥራ ምናምን ዓመት ይህንኑ ፍለጋ ሲሄድ ነበር። እሷ ቤቱ እስክትመጣ ድረስ ደግሞ በቅቶት ነበር። አሁን ግን አልበቃ አለው፤ ወደ ድሮው ልመለስ ቢልም አልቻለም። ለሷ ይህን አልነገራትም። ተነሥቶ የቀረውን ሽንኩርት ከተፈላት።

ያንን ዓመትና የሚቀጥለውን እሱ ረግረጉ ጋ፣ እሷ ኮረብታው ላይ ተቀመጡ። በ2007 ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ ከዚያ በኋላ የማማ መሰላል መውጣት አልሆነለትም። ጉናር ታች በወንበር የሚቀመጥበት ቦታ ሊያዘጋጅለት አስቦ ነበር። ማኑሄ አመሰገነውና ተወው። የራሱን ጠመንጃ በወርክሾፑ በኩል ሸጠው።

አሁን በጥቅምት ቅዳሜ ጠዋት ጉናር መኪናውን ከፎቁ ሥር ያቆማል። ማኑሄ የሰርክን ቦርሳና ስንቋን ይዞ እስከ መኪናው ይሸኛታል። የጠመንጃዋን መያዣ ራሷ ትይዛለች፤ ቀላል ነው። ወደ ቤት ሲመለስ አልጋውን ያነጥፋል፣ ለእራት የሚሆን ነገር ይጥዳል፣ ሬዲዮ ከፍቶ ይዘጋል።

ባለፈው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ጮኸ። በአደን ሰዓት ደውላ ስለማታውቅ ደነገጠ።

«ሰርኬ? ምነው?»

«ምንም» አለች በሹክሹክታ። «ምንም አልመጣም። ዝም ብዬ ነው።»

«በረደሽ?»

«ደህና ነኝ። ምን እየሠራህ ነው?»

«ምስር እየለቀምኩ።»

«እሺ።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱም አልተናገሩም። ስልኩን አልዘጋችውም፤ እሱም አልዘጋውም። በጆሮው ነፋስ ይሰማል፣ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ሲነካካ፣ አልፎ አልፎ ትንፋሿ። ማኑሄ የምስሩን ሰሃን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ ብሎ ገፋው። ምን ያህል እንደቆዩ አላወቀም።

«ቆይ» አለች በድንገት፣ ድምፅዋ ከሹክሹክታም አንሶ። መስመሩ ተዘጋ።

ማኑሄ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ተቀመጠ፤ ከሃሉንዳ ሆኖ ሊሰማው እንደማይችል እያወቀ ጥይቱን ጠበቀ።